የዋህ ገጸ ባሕርይ በተረትና በልብ ወለድ፦ አሰልቺ ወይስ ማራኪ?

ስለ ተረትና ስለ ምናባዊ ልብ ወለድ በሚነሡ ውይይቶች ዘወትር የሚደመጥ አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም ክፉ ገጸ ባሕርይ አንባቢን ይስባል፣ ደግና የዋህ ገጸ ባሕርይ ግን ያሰለቻል የሚለው ነው። ፍርዱ ጨርሶ መሠረተ ቢስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢትና የጉዱ ካሳን ምላስ እንጂ የሰብለ ወንጌልን ገርነት አይደለም። ጦጣ ጅብን ስታታልል የሚስቁ ሕፃናትም የደጉን ልጅ ታሪክ ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ መስኮት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ ሳይመረመር ከተወሰደ በመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅትም ሆነ በማስተማር ዘዴ ላይ ቀላል ያልሆነ ጉዳት ያስከትላል። ተማሪው ደግነት የሚመሰገን እንጂ የማይነበብ ነገር ነው ብሎ ካደገ፣ ምስጋናውም ውሎ አድሮ ባዶ ቃል ይሆንበታል።

በአማርኛ ነገሩን የሚያወሳስበው ቃሉ ራሱ ነው። «የዋህ» በቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ ከፍ ያለ ምስጋና ነው፤ በገበያና በፍርድ አደባባይ ግን ሞኝ ለመባል ጥቂት የቀረው ሰው መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። «እሱ እኮ የዋህ ነው» ሲባል ምስጋና ይሁን ሐዘኔታ፣ አድማጩ የሚለየው ከተናጋሪው ድምፅ ነው። በመንዝ ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ በአማራው ባህል አሳብን ሸፍኖ መናገር ምን ያህል ክብር እንዳለው ለማሳየት ሞክሯል። የሌቪን ድምዳሜ ሁሉ ተቀባይነት አላገኘም፤ ሊያገኝም አይገባውም። ቢሆንም አንድን ቃል በሁለት ፍቺ ለመስማት ለሠለጠነ ጆሮ፣ ያሰበውን እንዳሰበው የሚናገር ሰው ወይ ቂል ነው ወይ አስደናቂ ነው። ተረት ነጋሪው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

ምርጫው በግልጽ ከሚታይባቸው ተረቶች አንዱ፣ ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ካሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ የሚገኘውና ለመጽሐፉም ስያሜ የሆነው፣ በተራራ ላይ ስለ ነደደው እሳት የሚተርከው ነው። አርሃ የተባለ አገልጋይ ከባለጸጋ ጌታው ጋር ይወራረዳል። ያለ ልብስና ያለ እሳት በብርዳም ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ሌሊት ቆሞ ካደረ መሬትና ከብት ያገኛል። ከተወራረደ በኋላ ልቡ ስለ ፈራ አንድ ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌውም ከሸለቆው ማዶ ባለው ከፍታ ላይ እሳት አንድደው እንደሚያድሩ፣ እርሱም ዓይኑን ከዚያ እንዳይነቅል ይነግሩታል። አርሃ ሌሊቱን ይዘልቃል። ጌታው እንዴት እንደ ቻለ ሲጠይቀው በሩቅ የሚነድ እሳት ሲመለከት ማደሩን ሳይደብቅ ይናገራል። ጌታውም «እሳት አይተሃልና ውሉ ፈርሷል» በሚል ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በመጨረሻም ኃይሉ የተባለ ሰው ግብዣ ጠርቶ፣ እንግዶቹን ከጓዳ በሚመጣ የምግብ ሽታ ብቻ ካስቀመጠ በኋላ፣ በሽታ የማይጠገብ ከሆነ በሩቅ እሳትም እንደማይሞቅ ያስረዳቸዋል።

በዚህ ተረት ውስጥ አሰልቺው ማን ነው ቢባል መልሱ ጌታው ነው። ስስታምነቱ ከተነገረ በኋላ ስለ እርሱ የሚታወቅ ሌላ ነገር የለም፤ ከዚህ ተረት አውጥቶ ወደ ሌላ ቢያስገቡትም ያው ነው። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው የአርሃ የዋህነት ነው። አርሃ አንዲት ቃል ቢደብቅ ኖሮ መሬቱን ይረከብ፣ ተረቱም እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። እውነቱን መናገሩ ያገኘውን አሳጣው፤ አድማጩም በዚህ ጊዜ እንደ ጦጣው ተረት ስቆ የሚያልፍበት መንገድ የለውም፤ ልጁ አበጀ ወይስ ተሞኘ የሚለውን ለራሱ መወሰን አለበት።

ሽማግሌው ደግሞ ከሁሉ ጥቂት ይናገራሉ። ደግነታቸው የሚገለጸው በምክራቸው ሳይሆን እንጨት እየጨመሩ በማደራቸው ነው። በራቤል የሚማር የጊሼ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ ከመንዝ በግ ጠጉር ባና ለምን እንደሚሠራ፣ የጓሳ ውርጭ ሌሊት ምን እንደሚመስል ያውቃልና። ለእርሱ «ሽማግሌው ደግ ነበሩ» ማለት ምንም አይጨምርለትም። «ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም» ማለት ግን ብዙ ይነግረዋል። የኃይሉ ድርሻም እንዲሁ ሊስተዋል ይገባል፤ ደግነትና ብልጠት ጠላቶች ናቸው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ በእርሱ ግብዣ ላይ ይፈርሳል።

ከተረት ወደ ድርሰት ሲታለፍ የመጀመሪያው ምስክር የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ በጀግናይቱ ስም «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው፣ በደጋግ ሰዎች የተሞላ ነው። ደራሲው የጦቢያን ውበትና መልካምነት ሲያደንቁ ቃላት አይሠሥቱም፤ ሆኖም ጦቢያ በእነዚያ ገጾች ላይ ሥዕል ሆና ትቀራለች። ሕይወት የምትዘራው ጠፍቶ የቀረውን ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ስትወጣ ነው። ሐሰት የማያውቀው ሰው ማንነቱን ደብቆ እንዲኖር ሲገደድ፣ የዋህነት በእያንዳንዱ እርምጃ የሚፈተን ነገር ይሆናል።

ከጦቢያ ይልቅ ግን የሚያስገርመው በጥቂት ገጾች ብቻ የሚታየው ነጋዴ ነው። ለማያውቀው ምርኮኛ የመዋጃ ገንዘብ ሰጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ዋሕድ ከቤት ወጥቶ ለመከራ የሚዳረገው ይህን ሰው ፈልጎ ውለታውን ለመክፈል ነው። እንግዲህ ቤተሰቡን ያዳነው ደግነት ቤተሰቡን መልሶ ይበትነዋል። ይህን ሁሉ የሸረበ ደራሲ በፍጻሜው ላይ ግን ሁሉንም በጋብቻና በሽልማት ለመዝጋት ይቸኩላል። መጽሐፉ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው፤ ደግ የሆነ ሁሉ ያለ ጉድለት ሲካስ፣ ደግነቱ ያስከፈለው ዋጋ እንዳልነበረ ይሆናል።

በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» ሌላ ፈተና ያቀርባል። የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ እንደ መሆኑ፣ ከእንግሊዛዊው ጆን ቡንያን የመንፈሳዊ ጉዞ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ቆይቷል። በምሳሌያዊ ድርሰት መልካም ጠባይ ሁሉ ስሙን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ይመጣል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አንባቢው አስቀድሞ ያውቃል። በቡንያን መጽሐፍም ቢሆን አንባቢ የሚከተለው ብሩሃኑን መልእክተኞች ሳይሆን፣ መንገድ የሚስተውንና ተስፋ የሚቆርጠውን ተጓዥ ነው።

በውጭው ዓለም ምናባዊ ድርሰት ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚጠቅመው ምሳሌ የጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ፍሮዶ ደካማና የዋህ ነው። ጎለምን ለመግደል ምክንያትም ዕድልም እያለው ይራራለታል። በመጨረሻዋ ሰዓት የፍሮዶ ፈቃድ ተሸንፎ ቀለበቱን አልጥልም ሲል፣ ነገሩ የሚፈጸመው ያ የተማረው ጎለም በሕይወት በመኖሩ ነው። ምሕረቱ ከታሪኩ ቢወጣ ታሪኩ ፍጻሜ ያጣል።

ከዚህ አንጻር የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ተረትን ሲያሳጥሩ ምን እንደሚቆርጡ ማስተዋል ይገባቸዋል። ቦታ ሲጠብ በቅድሚያ የሚወድቀው የሽማግሌው ሌሊትና የአርሃ ምስክርነት ሊሆን ይችላል፤ የሚተርፈው ውርርዱ፣ ግብዣውና ምክሩ ነው። እንዲህ የተቆረጠ ተረት ቢያሰለች ጥፋቱ የደጉ ገጸ ባሕርይ አይደለም። መምህሩም በንባቡ መጨረሻ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ተማሪው ከማንበቡ በፊት የሚያውቀው ነው። በዚህ ፈንታ ሽማግሌው እኩለ ሌሊት ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ፣ ወይም ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ አርሃ እሳቱን ማየቱን መናገር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም በሚለው ላይ እንደ ጥንቱ በላ ልበልሃ ማሟገት ይቻላል። ሙግት በሚወደድበት አገር ለዚህ የሚሆን ተሟጋች አይታጣም። መምህሩ ግን ፍርዱን ለመስጠት አይቸኩል፤ በተረቱ ውስጥም ቸኩሎ የተሳሳተው ዳኛው ነው።