ፊሊክስ ግረንዲ፤ ከችሎት ወደ ኮንግረስ የተሻገረ ሙግት

የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የፖለቲካ ታሪክ ሲነሣ አንድሩ ጃክሰንና ሄንሪ ክሌይ መድረኩን ይሞሉታል። ዘመነኛቸው ፊሊክስ ግረንዲ (እ.ኤ.አ. 1777–1840) እምብዛም አይወሳም፤ ቢወሳም አንድም አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ፣ አንድም የጃክሰን ተከታይ ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱን መልኮቹን ነጣጥሎ ማንበብ ግን ያሳስታል። ግረንዲ በኮንግረስ የሠራው በችሎት የለመደውን ነው።

ያደገበት ኬንታኪ የሙግት አገር ነበር። ቨርጂኒያ መሬቱን ሳታስለካ የይዞታ ሰነድ ስለሸጠች፣ ገዢው ራሱ ወሰኑን በዛፍና በጅረት እያመለከተ አስመዘገበ። አንዱ ማሳ በብዙ ሰው ስም ተመዝግቦ ተገኘ። ጫካ መንጥሮ ጎጆ የቀለሰ ሰፋሪ ከዓመታት በኋላ በክስ ይነቀል ጀመር፤ የጠበቃም ገበያ ደራ። በጆርጅ ኒኮላስ ዘንድ ሕግ የተማረው ግረንዲ በ1799 በግዛቲቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተሳተፈ። በ1802 ፍርድ ቤትን ወደ ሕዝቡ ለሚያቀርበው ሕግ ግንባር ቀደም ተሟጋች ሆነ። በ1807 የኬንታኪ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ቢሆንም፣ ብዙም ሳይቆይ ወንበሩን ትቶ ወደ ቴነሲዋ ናሽቪል አቀና።

ናሽቪል ላይ ስሙን የተከለው በነፍስ ግድያ ለተከሰሱ በመቆም ነው። አንቀጽ ከመደርደር ይልቅ የጁሪውን አንጀት መብላት ይችልበት ነበር። ሆኖም በችሎት ዓቃቤ ሕግ ተነሥቶ ይሞግተዋል፤ ምስክር ይሰማል፤ ዳኛም ልጓም ያበጃል።

በ1811 ኮንግረስ ሲገባ ልጓሙ ላላ። የአሜሪካ ጦር ከነባር ሕዝቦች ጋር ከተጋጠመበት ከቲፔካኑ ውጊያ አንድ ወር በኋላ ባደረገው ንግግር የጠረፉን ደም በእንግሊዞች ሤራ ላይ ጭኖ፣ ከአህጉሩ እንዲባረሩ ጠየቀ። ከነባሮቹ አንዱ የሆነው የሾኒ ነገድ መሪ ቴኩምሴ ግን የ1809ኙ የፎርት ዌይን ውል የሁሉንም ነገዶች መሬት በጥቂቶች ፊርማ ሸጧል ብሎ ነበር የሚከራከረው። ይህን ክርክር በዚያ ምክር ቤት ተነሥቶ የሚያቀርብ ሾኒ አልነበረም። በ1812 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲታወጅ ተቃዋሚዎች ጥፋቱን በፕሬዚዳንት ማዲሰን፣ በግረንዲና በሰይጣን አመካኙ።

በ1830 በሴኔት፣ ባል የሞተባት እናቱ በአንድ ሌሊት ንብረቷን እንዴት እንደተዘረፈች ተረከ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ከወንድሞቹም በነባር ሕዝቦች እጅ የተገደሉ አሉ። በዚያው ዓመት ነባሮቹን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የሚያሰፍረው ሕግ በ28 ለ19 ድምፅ ሲያልፍ ግረንዲ ደጋፊ ነበር። ሴናተር ፍሪሊንግሃይሰን ለቀናት ተከራከረላቸው፣ ቼሮኪዎችም አቤቱታ ላኩ፤ ወንበርና ድምፅ ግን አልነበራቸውም።

ግረንዲን እንዲያው ሕዝብ ቀስቃሽ ማለት ግፍ ይሆናል። ከ1819ኙ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ለቴነሲ ባለዕዳዎች ብድር የሚሰጥ የግዛት ባንክ እንዲቋቋም ተሟግቶ፣ በ1820 ጃክሰንን እንኳ ተቃውሞ አሳክቷል። ይሁንና ርኅራኄው የሚደርሰው ጁሪ ሆኖ ሊቀመጥ እስከሚችለው ነጭ ሰፋሪ ድረስ ነበር፤ እሱ ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር።

ብቻውን የተሟገተ የሚረታው የለም ይባላል። ግረንዲ በችሎት ያገኘው ዝና በችሎታው የመጣ ነው፤ በኮንግረስ ያገኘው ድል ግን ተከሳሹ ድምፅ ባልነበረው ሸንጎ የተገኘ ስለሆነ፣ በዚያው ሚዛን ሊመዘን አይገባም።