ስለትና ውርስ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛሬ ወጣት ጆሮ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሲወደስ የኖረው የባላባቱን ሥርዐት ግፍ በማጋለጡና የሁለት ወጣቶችን ፍቅር በመተረኩ ነው። ይህ አስተያየት ትክክል ቢሆንም ምሉእ አይደለም። ልቦለዱ የወላጅ ቁስል ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍም የሚመረምር ሥራ ነው።

ታሪኩ የሚነሣው ከፍቅረኞቹ ሳይሆን ከበዛብህ ወላጆች ነው። ብዙ ኀዘን ያየችው ውድነሽ በጣሙ፣ ልጇ በሕይወት እንዲቆይላት ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይነት ትሳለዋለች። ስለቱ የጭካኔ ሳይሆን የፍርሃትና የፍቅር ውጤት ነው፤ ከፋዩ ግን ያልተሳለው ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌልም እንዲሁ የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ዕዳ ከፋይ ናት። ይህን ሁሉ አይቶ የሚናገረውን ሰው ደግሞ ኅብረተሰቡ «ጉዱ ካሣ» ብሎ እንደ ዕብድ ይቈጥረዋል። የደራሲው ትልቅ ችሎታ እዚህ ላይ ይታያል፤ የታመመው ተናጋሪው ሳይሆን ዝም የሚያሰኘው ልማድ መሆኑን ያስገነዝባል።

በብቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በግንደወይን ለሚኖር ወጣት ይህ የሩቅ ዓለም አይደለም፤ ዲማ ጎረቤቱ ነው። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብርን የተቃወመው የጎጃም ገበሬ ዐመፅ ብቸናንና ሞጣን አዳርሶ በጦር ሠራዊትና በአውሮፕላን ድብደባ ተመታ። ቀይ ሽብርና የእርስ በርስ ጦርነት ተከተሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። አባት «ያለፈ አይነሣ» የሚለው ልጁን ለመጠበቅ ነው፤ ልጅ ግን ታሪኩን ሳያውቅ ፍርሃቱን ብቻ ይረከባል። ይህም ሌላው ስለት ነው።

ወጣቱ ዛሬ ስልክ ይዟል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ይህንኑ ልቦለድ ሊያደምጥበት ይችላል፤ በቲክቶክና በፌስቡክ ደግሞ የሬሳ ሥዕልና ስድብ ሳይጠራው ይመጣበታል። ሬዲዮ ቤተሰቡን ባንድ ላይ አስቀምጦ ያስደምጥ ነበር፤ ስልክ እያንዳንዱን ለየብቻው ያስቀምጣል። ልቦለዱ ተቈራርጦ ሲዘዋወርም ስለቱ ይረሳና መቃብሩ ብቻ ይቀራል፤ ሞት የፍቅር ማረጋገጫ መስሎ ይታያል። ድብርት ለያዘው ወጣት ይህ አደገኛ ንባብ ነው።

የልቦለዱ ጉድለትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ደራሲው ትችቱን በጉዱ ካሣ ረጃጅም ንግግሮች ላይ ስለጣለው፣ ባለቁስሎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቦታ ጠቧል። ሥርዐቱ ተመርምሯል፤ ጓዳው ግን በቂ ቃል አላገኘም።

ይህን ክፍተት መሙላት የተከታዩ ትውልድ ጸሐፊ ፈንታ ነው። ተውኔት ጸሐፊው እናትና ልጅ ስለ ስለቱ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ይጻፍ። መምህሩ ልቦለዱን ከመቃብሩ ሳይሆን ከስለቱ ጀምሮ ያስተምር። የኅብረተሰብ አንቂውም ጭንቀት የያዘው ልጅ ከጠበሉ ጎን ሐኪም ዘንድ መሄዱ እንደማያሳፍር ያስረዳ። ጉዱ ካሣን ዕብድ ያለው መንደር መድኃኒቱን ራሱ አባሮ ነበርና፣ ዛሬ የሚናገር ልጅ ሲገኝ መጀመሪያ ሊደረግለት የሚገባው መደመጥ ነው።