«የስህተት መስመር» ስለምትባለው ምልክት

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በሚያመጡት የሳይንስ ወረቀት ላይ፣ ከግራፉ ዓምድ ጫፍ አጭር መስመር ቆማ ትታያለች። የስህተት መስመር ትባላለች። ስሟን የሰማ ወላጅ «ልጄ ምን አጠፋ?» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ እርሷ ግን የምትናገረው ስለ ጥፋት አይደለም።

ጂኦፍ ከሚንግ፣ ፊዮና ፊድለርና ዴቪድ ቮክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለዚህችው መስመር ያሳተሙትን ባለ ስምንት ደንብ ጽሑፍ ተመልክተነዋል። የመጀመሪያው ደንብ፣ መስመሯ ምን እንደምታሳይ ከግራፉ ሥር ይገለጽ የሚል ነው። ነገሩ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ሆኖም ከሚንግ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ጽሑፍ ያሳተሙ ተመራማሪዎች እንኳ አንዷን መስመር ከሌላዋ ሲያምታቱ ተገኝተዋል።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ተማሪዎች 25 የባቄላ ችግኞች ለኩ እንበል፤ አማካዩ 20 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ችግኞቹ እርስ በርሳቸው የሚለያዩበት መጠን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። የ25 ስኩዌር ሩት 5 ስለሆነ፣ 5ን ለ5 ብናካፍል 1 ይወጣል። ይኸኛው ስታንዳርድ ኤረር ይባላል፤ የሚነግረንም አማካዩ ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን ነው። ችግኞቹ 100 ቢሆኑ 1 የነበረው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 5 የነበረው ግን እዚያው አካባቢ ይቆያል። ችግኝ ስለበዛ ችግኞች አይመሳሰሉም!

ሦስተኛው ደንብ ደስ አሰኝቶናል። አንዱን ናሙና ደጋግሞ መለካት እንደ ብዙ ሙከራ አይቆጠርም ይላል። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ ከአንድ ቡሃቃ ሊጥ ሦስት እንጀራ የጋገረች ሴት ሦስት ጊዜ አቦካሁ አትልም።

የማንስማማው ከአራተኛው ጋር ነው። የባዮሎጂ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነጻጽሩ ስለሆነ፣ ከስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይልቅ እንደ ስታንዳርድ ኤረር ያለውን ቢያሳዩ ይሻላል ይላል። ለቤተ ሙከራ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። ለወላጅ ግን አይበጅም። በጢፓት ሐላብ ያለውን የሕፃናት ዕድገት ግራፍ እናስታውስ፤ መስመሮቹ የሚያሳዩት ጤናማ ልጆች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ ነው። ያ ግራፍ በሺህ ከሚቆጠሩ ሕፃናት በተገኘ ስታንዳርድ ኤረር ቢሠራ ኖሮ፣ መስመሮቹ እጅግ ተጠጋግተው ጤናማ ልጆቻችን ሁሉ ለማለት ይቻላል ከመስመር ውጭ በሆኑ ነበር። ስንት እናት በከንቱ ባለቀሰች!

ስለዚህ ልጃችን ግራፍ ሲሠራ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ይጻፍ፤ «መስመሯ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ናት፤ የተለኩት 25 ችግኞች ናቸው።»