ምስክርና ፍርድ፤ ስለ ኸርንደን የሊንከን ታሪክ

ዊልያም ኸርንደን የስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ፣ ጠበቃ ነበር፤ በ1854 (ዘመኖቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የከተማዪቱ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል። ከ1844 ጀምሮ አብርሃም ሊንከን የጥብቅና ሥራ ባልደረባው ነበር። ይሁን እንጂ ኸርንደን የሚታወሰው በሸንጎ ሙግቱ ሳይሆን፣ ከጄሲ ዋይክ ጋራ በ1889 በሦስት ቅጽ ባሳተመው የሊንከን የሕይወት ታሪክ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ለወዳጅ የቆመ ጠበቃ ታሪክ ጸሐፊ ሊሆን ይችላልን? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ምስጋናው ይቅደም። ሊንከን በ1865 ከተገደለ በኋላ ብዙዎች እንደ ቅዱስ ሲያወድሱት፣ ኸርንደን በቅርብ የሚያውቀውን ሰው፣ ከነድኽነቱ፣ ከነቀልዱና ከነትካዜው፣ ለትውልድ ለማስተላለፍ ተነሣ። በዚያው ዓመት የሊንከንን የእንጀራ እናት ሣራን ሄዶ ጠየቀ፤ ለኬንታኪ፣ ለኢንዲያናና ለኒው ሴለም የድሮ ጎረቤቶች ደብዳቤ ጻፈ፤ የነገሩትንም መዘገበ። እርሱ ባይደክም ኖሮ የእነዚህ ሰዎች ቃል አብሯቸው በተቀበረ ነበር።

ጒድለቱ የሚታየው ከመስማት ወደ መፍረድ ሲያልፍ ነው። በ1866 ባደረገው ንግግር፣ ሊንከን አን ረትሌጅ የተባለችውን ልጃገረድ ይወድ እንደ ነበረ፣ እርስዋ በ1835 ከሞተች በኋላም ሌላ ሴት ከልቡ እንዳልወደደ ተናገረ። በዚህ ቃል የሊንከን ባለቤት ሜሪ ቶድ እጅግ ተቈጣች። ጎረቤቶቹ ስለ ሐዘኑ መመስከር ይችላሉ፤ ያውም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በባልና በሚስት መካከል ስላለው ፍቅር ግን ምስክርነታቸው ከየት ይመጣል? ኸርንደንና ሜሪ ቶድ አስቀድሞም አይስማሙም ነበርና፣ ፍርዱ ከቂም የጠራ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የታሪክ ሊቁ ጄምስ ራንዳል በ1945 ይህን ማስረጃ በብርቱ ነቀፈ። ነገር ግን ዳግላስ ዊልሰንና ሮድኒ ዴቪስ የምስክሮቹን ቃል በ1998 አሰባስበው ስላሳተሙት፣ ዛሬ አንባቢ ራሱ ሊመዝነው ይችላል። በእኛ አስተያየት ሁሉን አምኖ መቀበልም ሆነ ሁሉን መጣል ስንፍና ነው። የዳኛው ማድላት የምስክሩን ቃል ሐሰት አያደርገውም። ኸርንደን ያገኘውን ወረቀት ጠብቆ ማቈየቱ፣ እርሱን ራሱን ለመተቸት አስችሎናል፤ ይህም ለአንድ ታሪክ ጸሐፊ ትንሽ ክብር አይደለም። ከሽማግሌዎች ቃል የሚሰበስብ ተማሪ ሁሉ፣ የሰማውን በአንድ ገጽ፣ የፈረደውን በሌላ ገጽ ይጻፍ።