12 ኩንታል በሰው ትከሻ? «ባትልሺፕ» ያላሳየን የመርከብ ሆድ

ፒተር በርግ ያዘጋጀውን፣ ሪሃና የተወነችበትን «ባትልሺፕ» የተሰኘ ፊልም ከእናንተ መካከል ያየው አይጠፋም። የወጣው በ2012 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሃዋይ አጠገብ ያርፋሉ፣ ዘመናዊዎቹ መርከቦች ይወድማሉ፣ በመጨረሻ ሙዚየም ሆና የተቀመጠችው አሮጌዋ «ሚዙሪ» ተነሥታ ትዋጋለች። በፍጡራኑ ክርክር የለኝም፤ ፊልም ነው፣ ይምጡ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ትዕይንት ነው። መርከበኞቹ ተሰባስበው አንድ ግዙፍ የመድፍ ጥይት በጉልበታቸው ተሸክመው በመርከቧ ውስጥ ያልፋሉ። ጡንቻ ይወጠራል፣ ተመልካቹም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል።

በአንድ ነገር ፊልሙን ላመስግነው፤ ክብደቱ ይሰማል። «ሚዙሪ» ዘጠኝ ባለ 16 ኢንች መድፎች አሏት፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ማማዎች ላይ ተተክለዋል። የጠላትን ብረት ለመብሳት የተሠራው ጥይታቸው 1,225 ኪሎ ይመዝናል፤ ቀለል ያለው 862 ኪሎ ነው። 12 ኩንታል ጤፍ በአንድ ጆንያ ታጭቆ አስቡት። የመርካቶ ጎበዝ ተሸካሚ እንኳ አንዷን ኩንታል ይዞ ነው «ዞር በሉ!» የሚለው።

እስቲ ጥይቱ በእውነተኛዋ «ሚዙሪ» ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ እንይ። ከላይ የምናየው የመድፍ ማማ የሕንጻው ጣሪያ ብቻ ነው፤ ከሥሩ እስከ መርከቧ ሆድ የሚወርድ ባለ ብዙ ፎቅ ክብ ግንብ አለ። ጥይቶቹ በመካከለኛዎቹ ፎቆች ቀጥ ብለው ቆመውና ታስረው ይቀመጣሉ። ማንም አያነሳቸውም። መርከበኛው በጥይቱ ዙሪያ ገመድ ያዞርና ጫፉን በሞተር በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይጠመጥመዋል። ገመዱን ጠበቅ ሲያደርገው ከበሮው ይስባል፣ ላላ ሲያደርገው ያቆማል። ጥይቱም እንደቆመ፣ ዘይት በተቀባ የብረት ወለል ላይ እየተንሸራተተ አሳንሰሩ አፍ ድረስ ይሄዳል። ለእኔ የመርከቧ ምርጥ ፈጠራ ይኼ ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ፣ ገመድና ሰበቃ ብቻ!

አሳንሰሩም ጥይቱን በሽቦ አንጠልጥሎ አያወጣውም። ከሥር እየገፋ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ በየደረጃው የሚይዙት የብረት ጥርሶች ስላሉ ተመልሶ አይወድቅም። ላይ ሲደርስ አልጋ መሰል መቀበያ ያጋድመዋል፣ ከዚያ በሰንሰለት የሚሠራ መግፊያ ክንድ ወደ መድፉ ውስጥ በኃይል ይነዳዋል። ኃይል የሚያስፈልገው በጥይቱ ግርጌ ያለው የመዳብ ቀለበት በመድፉ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች ነክሶ እንዲይዝ ነው፤ አለዚያ መድፉ ቀና ሲል ጥይቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንዱ መድፍ በ30 ሰከንድ አንዴ ይተኩሳል።

ፊልሙ አደጋው ክብደቱ እንደሆነ አድርጎ ያሳየናል። ክብደት ግን እንዳያችሁት በገመድ የሚፈታ ነገር ነው። የሚያስፈራው ባሩዱ ነው። ባሩዱ ከጥይቱ ተለይቶ በሐር ከረጢት ይመጣል። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ገደማ ነው፣ ለአንድ ሙሉ ተኩስ ስድስት ያስፈልጋል። ይህንን በርግጥ ሰው በእጁ ይነካዋል። በመጋዘኑና በማማው መካከል ግን ዝም ብሎ የተከፈተ መንገድ የለም፤ ከረጢቶቹ ነበልባል እንዳያሳልፉ ተደርገው በተሠሩ መዝጊያዎች በኩል ነው የሚያልፉት። የፊልሙን ትዕይንት በዚህ ዓይን እዩት። 12 ኩንታል ብረት በመተላለፊያ ለማሳለፍ በመንገዱ ያለውን በር ሁሉ መክፈት ግድ ነው።

የተከፈተ በር ምን እንደሚያመጣ ሜይ 31 ቀን 1916 ታይቷል። በሰሜን ባሕር፣ በጁትላንድ ውጊያ፣ «ኢንዲፋቲጌብል»፣ «ኩዊን ሜሪ» እና «ኢንቪንሲብል» የተባሉ ሦስት ትላልቅ የእንግሊዝ መርከቦች በአንድ ቀን ፈነዱ። ከ3,000 በላይ ሰው አለቀ። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ቶሎ ቶሎ ለመተኮስ ሲባል የመጋዘን በሮች ክፍት ይተዉ፣ ባሩድም ከበር ውጭ ይከመር ነበር። በማማው ላይ የተነሣው ነበልባል መንገዱን ክፍት አገኘው። ጀርመኖች ግን በጃንዋሪ 1915 «ዛይድሊትዝ» በምትባለው መርከባቸው ላይ ሁለት ማማዎች ከነሰዎቻቸው ሲቃጠሉ ትምህርቱን ቀድመው ወስደው ነበር። በጁትላንድ «ላየን» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብም ማማዋ ተመትቷል። ሻለቃ ፍራንሲስ ሃርቪ ሊሞት እያጣጣረ መጋዘኑ እንዲዘጋና በውሃ እንዲጥለቀለቅ አዘዘ፤ መርከቧ ተረፈች። ፊልም ሠሪ ጀግና ከፈለገ ይኸው!

የትዕይንቱ ትልቁ ጉድለት ለእኔ የቴክኒክ አይደለም። ማሽኑን ከዓይናችን ሰውሮ ሁሉንም ነገር የሰው ወኔ ያደርገዋል። እንዲህ ማሰብ የለመደ ሰው፣ ነገር ሲበላሽም ማሽኑን ትቶ ጥፋተኛ ሰው ይፈልጋል። ይህ በ«ሚዙሪ» እህት በ«አዮዋ» ላይ ደርሷል። ኤፕሪል 19 ቀን 1989 በሁለተኛው ማማ፣ በመካከለኛው መድፍ ውስጥ፣ የኋላ መዝጊያው ሳይዘጋ ባሩዱ ተቀጣጠለ። 47 ሰዎች ሞቱ። የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያ ምርመራ ከሟቾቹ በአንዱ መርከበኛ ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ ሆን ብሎ ያደረገው ሳይሆን አይቀርም አለ።

የሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ግን መግፊያ ክንዱን መረመሩ። ጥይት በኃይል መነዳት አለበት ብያለሁ፤ ባሩድ ደግሞ ቀስ ተብሎ ነው የሚገፋው። ሁለቱንም የሚሠራው ግን ያው አንድ ክንድ ነው። መሐንዲሶቹ ከረጢቶቹ ከሚገባው በላይ ርቀው መገፋታቸውን አገኙ። በሙከራም የባሩዱ እንክብሎች በግፊት ሲሰበሩ ብልጭታ ሊወጣቸውና ሊቀጣጠሉ እንደሚችሉ ታየ። በ1991 የባሕር ኃይሉ የፍንዳታው መንስኤ በእርግጠኝነት ሊታወቅ አልቻለም ብሎ የተወነጀለውን መርከበኛ ቤተሰብ ይቅርታ ጠየቀ።

በዚያ ቀን ከማማው ግርጌ፣ በባሩድ መጋዘኑ አካባቢ፣ ሌሎች 12 ሰዎች ሥራ ላይ ነበሩ። ሁሉም ከባድ ጉዳት ሳይደርስባቸው ወጡ። በእነሱና በማማው መካከል የነበሩት በሮች ዝግ ነበሩ።