ስለ አንድ የኖርዌይ ሥዕልና ስለ ባላገሩ ሰባኪ

አዶልፍ ቲደማንድ የተባለው የኖርዌይ ሠዓሊ «የሃውጌ ተከታዮች» ብሎ የሠራውን ሥዕል ብዙ ሰዎች ያመሰግኑታል፤ እኔም ኅትመቱን ባየሁ ቍጥር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም፤ ስለ ምን ሙሉ እንዳልሆነ ልናገር እወዳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ቲደማንድ ሥዕሉን መጀመሪያ የሠራው በ1848 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው በ1852 ዓ.ም. ተሠርቶ ዛሬ በኦስሎ በብሔራዊው ቤተ መዘክር ይገኛል። የሚታየው የድሮ ባላገር ቤት ነው፤ ጣራው ላይ የጭስ መውጫ አለ፤ በዚያም ብርሃን ይወርዳል። ከብርሃኑ በታች አንድ ወጣት ሰባኪ መጽሐፍ ይዞ በርጩማ ላይ ቆሟል፤ ዙሪያውን ሽማግሌውም ልጁም ሴቱም ተሰብስቦ ያዳምጠዋል። ሠዓሊው ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊት አልሰጣቸውም፤ ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ባላገርን ለመሣቂያ ሳይሆን ለክብር መሣሉም ሊመሰገንበት ይገባዋል።

ሥዕሉ ስሙን የወሰደለት ሃንስ ኒልሰን ሃውጌ ግን ማን ነበር? በ1771 ዓ.ም. በሮልቭሶይ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። በ1796 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ በእርሻ ላይ መዝሙር እየዘመረ ሲሠራ ልቡ በእግዚአብሔር ፍቅር እንደ ተነካ ራሱ ተናግሯል። በዚያው ዓመት መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም አገሩን በእግሩ እየዞረ ሰበከ። በመንገድ ሲሄድ እንኳ እጁ ሥራ እንዳይፈታ የሱፍ ሹራብ ይሠራ ነበር ይባላል። በኤይከር የወረቀት ፋብሪካ አቋቋመ፤ ነገደ፤ ወዳጆቹንም ለሥራ አነሣሣ።

ያን ጊዜ ኖርዌይ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረችና በ1741 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ካህኑ ሳይፈቅድ ምእመናን ለስብከት እንዳይሰበሰቡ ይከለክል ነበር። ሃውጌ በዚህ ምክንያት ደጋግሞ ታሰረ፤ በ1804 ዓ.ም. የተያዘው ግን እስከ 1811 ዓ.ም. አልተለቀቀም። በዚህ መካከል የሆነው ነገር እጅግ ያስደንቀኛል። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት ባሕሩ ተዘግቶ አገሩ ጨው ባጣ ጊዜ፣ ሹማምንቱ በ1809 ዓ.ም. እስረኛውን አውጥተው ከባሕር ውሃ ጨው የሚወጣበትን ሥራ እንዲያቋቁም ወደ ጠረፍ ላኩት። አቋቋመላቸው። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መልሰው አሰሩት! አደገኛ ነው ብለው ያሰሩትን ሰው ምን ያህል ያምኑት እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል፤ እርሱም ደጁ ተከፍቶለት ሳለ አልሸሸም። በ1813 ዓ.ም. ሁለት ዓመት በከባድ ሥራ እንዲቀጣ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ግን በ1814 ዓ.ም. ቅጣቱ ወደ 1000 ሪክስዳለር መቀጮ ተለወጠለት። ጤናው በእስር ተጐድቶ ስለ ነበር በ1824 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ ሞተ። አዋጁ የተሻረው በ1842 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ቲደማንድ ይህን የሣለው አዋጁ ከተሻረ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ የመያዝ ሥጋት አይታየኝም። ያ ጉባኤ ሰላማዊ ነው፤ ያማረም ነው፤ ሃውጌ ሲሰብክ ግን ደጁን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ሁለተኛው ነቀፌታዬ ከዚህ ይበልጣል። ሠዓሊው ብርሃኑን ከጣራ አውርዶ በሰባኪው ላይ አፈሰሰው፤ ሃውጌን ግን ብርሃን ያገኘው በእርሻ ላይ ነው። በሥዕሉ ያለው እጅ መጽሐፍ ብቻ ይዟል። እውነተኛው እጅ ሹራብ ይሠራ፣ ወረቀት ያስመርት፣ ጨው ያስቀቅል ነበር።

አንድ ሥዕል ሁሉን ሊይዝ አይችልም የሚለኝ ቢኖር ይህን አልክድም። ሃውጌንም ከነቀፋ አላወጣውም፤ በመጀመሪያ ጽሑፎቹ በካህናቱ ላይ የወረወረው ቃል መረር ያለ ነበር። ቢሆንም ወዳጆቹ ከቤተ ክርስቲያን እንዳይለዩ በኑዛዜው መክሯቸዋል፤ ካህን የሌለበትን ይህን ሥዕል ብቻ ያየ ሰው ግን ይህን ሊገምት አይችልም።

ኅትመቱን ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አላወርደውም። እስረኛው በባሕር ዳር ከጨው መቀቀያው አጠገብ ቆሞ፣ ወኅኒ ቤቱም እየጠበቀው የተሣለበትን ሥዕል ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።