ዘርፍና ባለቤት በአርታዒ ዓይን

በባህላዊው ሰዋስው፣ አንዱ ስም ለሌላው ሲዘረፍ፣ የተያዘው ነገር ባለቤት፣ የማን ወይም የምን እንደ ሆነ የሚገልጸው ስም ደግሞ ዘርፍ ይባላል፤ «የመምህሩ ቤት» ሲባል «ቤት» ባለቤት፣ «የመምህሩ» ዘርፍ ነው። ግዕዝ ባለቤቱን አስቀድሞ የመጨረሻ ፊደሉን በመለወጥ «ቤት»ን «ቤተ»፣ «ጸሓፊ»ን «ጸሓፌ» ሲያደርግ፣ አማርኛ ግን ዘርፉን ከፊት አምጥቶ «የ»ን ያስጠጋበታል።

አርታዒን የሚያደክመው «የ» ያለበት ሳይሆን የጠፋበት ቦታ ነው። ዘርፉን «በ»፣ «ከ»፣ «ለ» ወይም «ስለ» ከቀደመው «የ» ይዋጣል፤ በመሆኑም «በመምህሩ ቤት» እንጂ «በየመምህሩ ቤት» አይባልም፤ ተብሎ ቢጻፍም «በእያንዳንዱ መምህር ቤት» የሚል ሌላ ትርጉም ስለሚይዝ፣ ግልጽነትን ፍለጋ «የ»ን ለመመለስ መሞከር ሌላ ስሕተት መጨመር ይሆናል። «ስለ ልጁ መጽሐፍ ጻፈ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲመጣ፣ ሰውዬው የጻፈው ልጁን የሚመለከት መጽሐፍ ይሁን ወይስ ልጁ ስላለው መጽሐፍ የሚያወራ ጽሑፍ፣ ከፊደሉ ብቻ አይለይም («ልጁ» ራሱ የጸሓፊው ልጅ ይሁን ሌላ የታወቀ ልጅ አለመለየቱ ሳይቆጠር ነው)። ተናጋሪ ትንፋሹን በሚያሳርፍበት ቦታ ይህን ይፈታዋል፤ ጸሓፊ ግን «ስለ ልጁ የሚናገር መጽሐፍ» ብሎ ግስ ማስገባት አለበት፤ ሐረጉ ቢረዝምም አንባቢን ከማወዛገብ ይሻላል።

የተሳቢ ምልክት የሆነው «ን»ም ከዘርፉ ጋር መጣበቅ ይወዳል። «የመምህሩን ቤት አየ» ሲባል የታየው ቤቱ ሆኖ ሳለ ምልክቱን የተሸከመው መምህሩ ነው። ከባዕድ ቋንቋ የሚመልሱ አንዳንድ ተርጓሚዎች «የመምህሩ ቤትን» እያሉ ወደ ባለቤቱ ሲያሸሹት ይታያል፤ ምክንያታዊ ቢመስልም ለጆሮ ይጎረብጣል።

ንብረት በሐረግ ሳይሆን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲነገር ደግሞ «አለ» ይገባል፤ «ሁለት ልጆች አሉት» በሚለው ውስጥ የግሡ አድራጊ ልጆቹ ሲሆኑ፣ አባትየው በመጨረሻዋ «ት» ብቻ ይወከላል። ይህን የዘነጋ ተርጓሚ «ከተማዋ የሁለት ሆስፒታሎች ባለቤት ናት» ብሎ ሲጽፍ፣ የሚገኙባትን ሆስፒታሎች ሁሉ በስሟ ያስመዘገበች ያስመስላታል፤ «ሁለት ሆስፒታሎች አሏት» ቢል ግን የንብረት ጥያቄ አይነሣም።